ምዕራፍ ሰባት፦ የምንዳቤ ገንዘብ

ዲሴምበር 15 ቀን 1922 የሚል ቀን የተጻፈበት፣ ዋጋውም አንድ ሺህ ማርክ የሆነ አንድ የጀርመን የወረቀት ገንዘብ አለ። ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ የሚመረምር ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በላዩ በቀይ ቀለም በተደረበው በሌላው ጽሕፈት ላይ ነው፤ ይኸውም ጽሕፈት «አንድ ሚልያርድ ማርክ» ይላል። ሚልያርድ ማለት ሺህ ሚሊዮን ስለሆነ፣ ያ ወረቀት ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ገና ዓመት ሳይሞላው ዋጋው ሚሊዮን ጊዜ ተባዝቶ ለገበያ ቀረበ ማለት ነው። ስለዚያ ዘመን ታሪክ ብዙ ካነበብሁ በኋላ፣ ነገሩ በእውነት የገባኝ ይህን አንድ ወረቀት በመስኮት ብርሃን ፊት ይዤ የታችኛውን ጽሕፈትና የላይኛውን ጽሕፈት በአንድነት ያነበብሁ ዕለት ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀይ ጽሕፈት የተደረበበት ይህ ወረቀት የወጣው ከመንግሥቱ ዋና ባንክ፣ ከራይሕስባንክ ነበር። የዚህ ምዕራፍ ነገር ግን ዋናው ባንክ ሊያደርስ ያልቻለውን ገንዘብ ራሳቸው አትመው ስላወጡት ስለ ከተማዎች፣ ስለ መንደሮች፣ ስለ ቁጠባ ባንኮች፣ ስለ ንግድ ምክር ቤቶች፣ ስለ ፋብሪካዎችና ስለ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤቶች፣ ይህንንም ወረቀት ከዚያ ወዲህ እየሰበሰቡ ስለሚያኖሩት ሰዎች ነው። ጀርመኖች ይህን ገንዘብ «ኖትጌልት» ይሉታል፤ «ጌልት» ገንዘብ ሲሆን፣ «ኖት» ችግር፣ ጭንቅ፣ እጦት ማለት ነው። በአማርኛችን የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ቢባል ያስኬዳል፤ ነገር ግን አደጋ ድንገት ደርሶ የሚያልፈውን ነገር ስለሚያሳስብ፣ እኔ ከግእዙ መርጬ የምንዳቤ ገንዘብ ብዬዋለሁ፤ ምንዳቤ በመጻሕፍቶቻችን በረሃብም፣ በከበባም፣ በስደትም የሚገኘውን፣ ሰውን ቀስ በቀስ የሚያጠብበውን መከራ የሚገልጽ ቃል ነውና።

አንባቢ ይህን ገንዘብ ከሐሰተኛ ገንዘብ ጋር እንዳያምታታው አስቀድሜ ላስጠነቅቅ እወዳለሁ። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የንጉሥን ወይም የመንግሥትን መልክ ሰርቆ፣ ስሙን ሰውሮ የሚሠራ ነው፤ የምንዳቤ ገንዘብ ግን ያወጣው ከተማ ስሙን በግልጥ ጽፎ፣ ማኅተሙን አትሞ፣ የከንቲባውን ፊርማ አኑሮ፣ ይህን ወረቀት ለሚያመጣ ሰው የከተማው ግምጃ ቤት እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን ያህል ይከፍላል ብሎ ቃል የገባበት ሰነድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚከበረው ከተማው በሚታወቅበትና በሚታመንበት አገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ርቆ በሄደ መጠን ክብሩ እየቀነሰ ይሄድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1914 በአውጉስት ወር፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ነው። ጦርነት በተሰማ በጥቂት ቀን ውስጥ ሕዝቡ የወርቁንና የብሩን ሳንቲም ከገበያ ሰብስቦ በየቤቱ ሸሸገው፤ መንግሥትም ወረቀቱን በወርቅ መለወጡን አቆመ። ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበልበት፣ ነጋዴ መልስ የሚሰጥበት ዝርዝር ገንዘብ ስለ ጠፋ፣ በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የሚገኙ ከተሞች ባለ አንድና ባለ ሁለት ማርክ ወረቀት በችኰላ አትመው አወጡ። ጦርነቱ እየረዘመ ሲሄድ መዳብና ኒኬል ለጥይትና ለመሣሪያ ስለ ተፈለጉ፣ ከተሞቹ ከብረትና ከዚንክ ሳንቲም መምታት፣ ባለ 10፣ ባለ 25፣ ባለ 50 ፕፌኒግ ወረቀትም ማተም ያዙ። (መቶ ፕፌኒግ አንድ ማርክ ነው።)

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ወጣ ልበል። አባቶቻችን ማርያ ትሬዛ የሚሉትን፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበትን ጠገራ ብር በእጃቸው መዝነው፣ በጣታቸው ደብሰው፣ በድምፁ ለይተው ይቀበሉት ነበር፤ ዋጋውም በውስጡ ያለው ብር ስለ ነበረ፣ ያወጣችው ንግሥት ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ዋጋው አልሞተም። ያ ጠገራ ብር ይመታባት የነበረችው ኦስትሪያ ግን በ1920 እንደ ጀርመን ሁሉ ዝርዝር ሳንቲም አጥታ፣ በየቀበሌዋ የምንዳቤ ወረቀት ታሳትም ነበር። በራሱ ውስጥ ዋጋ ያለው ገንዘብና በሰው ቃል ላይ ብቻ የቆመ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለኛ ሕዝብ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ከ1920 እስከ 1922 ባለው ጊዜ፣ ታሪኩ ያልተጠበቀ መልክ ያዘ። በጀርመን አገር እነዚህን የከተማ ወረቀቶች እየሰበሰቡ በአልበም የሚያኖሩ ሰዎች በዝተው ነበር፤ ከተሞቹም ሰብሳቢ የገዛው ወረቀት ለክፍያ ተመልሶ እንደማይመጣ፣ የተጻፈበትም ዋጋ ለግምጃ ቤቱ ትርፍ ሆኖ እንደሚቀር አስተዋሉ። ስለዚህ ባለ ብዙ ኅብረ ቀለም፣ በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚተርክ፣ ስድስትም ሆነ አሥር ሆኖ በአንድነት የሚሸጥ የወረቀት ተከታታይ ማውጣት ጀመሩ። ሃመልን የተባለችው ከተማ ዋሽንት እየነፋ አይጦቹን ወደ ወንዝ፣ በኋላም ሕፃናቱን ወደ ተራራ የወሰደውን ሰው ተረት ሣለች፤ ኤርፉርት በ1921 ስለ ማርቲን ሉተር ሕይወት የሚናገሩ ወረቀቶች አወጣች፤ ሌሎቹም ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ የድሮ ግንባቸውን፣ የመንደራቸውን ተረትና ቀልድ፣ አንዳንዶቹም ጦርነቱን በዘጋው በቬርሳይ ውል ምክንያት የደረሰባቸውን ኀዘንና ቁጣ በጣት በሚለካ ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ብዙዎቹ ባለ 75 ፕፌኒግ ነበሩ፤ በዚያ ዋጋ የተመታ ሳንቲም ከቶ ስላልነበረ፣ ይህ ራሱ ወረቀቱ ለገበያ ሳይሆን ለአልበም እንደ ተሠራ የሚመሰክር ምልክት ነው።

በዚህ ጊዜ ከተሠሩት ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ከወረቀት ያልተሠሩትን ነው። ቢለፌልት በበፍታና በሐር ጨርቅ ሥራ የታወቀች ከተማ ስለሆነች፣ የከተማዋ ቁጠባ ባንክ ገንዘቡን በሐር፣ በበፍታና በከፋይ ላይ አሳተመው፤ አንዳንዱ ዙሪያው በዳንቴል ተጌጧል፤ ዳርቻውም በጥቃቅን ፊደል ስለ ዘመኑ መከራ በሚናገር ጽሕፈት የተሞላ ነው። በሃርዝ ተራራ አጠገብ ያለችው ኦስተርቪክ ደግሞ የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ስለ ነበረች፣ ገንዘብዋን በቆዳ ላይ አተመች፤ በብራና ላይ ቃል ሲጻፍ እያየ ያደገ አንባቢ ይህን ቢሰማ አይደነቅም ይሆናል፤ ሆኖም ብራናው ለመጽሐፍ መሆኑ ቀርቶ ለዳቦ መግዣ ሲውል ማየት ልብን ይነካል። የሳክሶኒ መንግሥትም በማይሰን ባለው ዝነኛ የሸክላ ፋብሪካው፣ ሁለት የተጋጠሙ ሰይፎች ምልክት ያለባቸውን ቡናማ የሸክላ ሳንቲሞች አሠራ። እያንዳንዱ ከተማ ወርቅና ብር ቢያጣ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ገንዘብ አድርጎ ማቅረቡን ሳስብ፣ በዚያ ሕዝብ ላይ አዘኔታና አክብሮት በአንድነት ይሰማኛል።

ጁላይ 17 ቀን 1922 የወጣው ሕግ ከተሞች የራሳቸውን ገንዘብ የማውጣታቸውን ልማድ ከለከለ። ክልከላው ግን ብዙ ወራት ሳይቆይ፣ ሰብሳቢን ሳይሆን ራብተኛን የሚያገለግል ሌላ ወረቀት በየአገሩ መታተም ጀመረ።

የማርክ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው። መንግሥት ጦርነቱን ያካሄደው በግብር ሳይሆን አብዛኛውን በብድር ነበር፤ ከተሸነፈም በኋላ በ1921 የ132 ሚልያርድ የወርቅ ማርክ ካሣ ተጫነበት፤ ጃንዋሪ 11 ቀን 1923 የፈረንሳይና የቤልጅግ ወታደሮች ካሣው በጊዜው አልተከፈለም ብለው የከሰልና የብረት ምንጭ የሆነውን የሩርን አውራጃ ሲይዙ፣ መንግሥት ሠራተኛው ሥራ አቁሞ እንዲቃወም አዘዘ፤ ሥራ ለፈታው ሕዝብ የሚከፈለውን ደመወዝም በማተሚያ መኪና አወጣው። በ1914 አንድ ዶላር በ4 ማርክ ከ20 ፕፌኒግ ይመነዘር ነበር። በጃንዋሪ 1923 አማካይ ምንዛሬው 18 ሺህ ያህል ማርክ ሆነ፤ በጁላይ 353 ሺህ፣ በአውጉስት 4 ሚሊዮን ከ600 ሺህ፣ በሴፕቴምበር 99 ሚሊዮን ያህል፣ በኦክቶበር 25 ሚልያርድ፤ በኖቬምበር 20 ቀንም አንድ ዶላር 4 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሚሊዮን ማርክ አወጣ። በዓመቱ መጀመሪያ በ250 ማርክ ይገዛ የነበረው ዳቦ በኖቬምበር 200 ሚልያርድ ያህል ደረሰ። ደመወዝ በቀን ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት ቦታ ነበረ፤ ጠዋት የተቀበሉት ገንዘብ ማታ የሚገዛው ነገር ስለማይኖር፣ የሠራተኛው ሚስት በፋብሪካው በር ቆማ ገንዘቡን ተቀብላ ወደ ገበያ ትሮጥ ነበር።

ራይሕስባንክ በዚያን ጊዜ ለራሱ ማተሚያ ሌሎች 133 ማተሚያ ቤቶችን ጨምሮ፣ ከ1700 በላይ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ሲያሠራ፣ ከ30 የሚበልጡ የወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀት ያቀርቡለት ነበር፤ ይህም ሆኖ የሚታተመው ገንዘብ የዋጋውን ሩጫ ሊደርስበት አልቻለም። እንግዲህ አንድ ከንቲባ ዓርብ ቀን ለመንገድ ጠራጊዎቹና ለመምህራኑ የሚከፍለው ገንዘብ ከበርሊን ሳይደርስለት ቢቀር፣ ወይም አንድ የፋብሪካ ባለቤት በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በበሩ ቆመው ሲጠብቁት ባዶ እጁን ቢሆን፣ በከተማው ወደሚገኘው የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ልኮ የራሱን ወረቀት ከማሳተም በቀር ምን ምርጫ ነበረው? በኤሰን የሚገኘው የክሩፕ የብረት ፋብሪካ፣ በሉድቪግስሃፈን የሚገኘው የባዲሼ የኬሚካል ፋብሪካ፣ የመንግሥት ምድር ባቡርም ጭምር የየራሳቸውን ገንዘብ አወጡ። ሕጉ ፈቃድና መያዣ ቢጠይቅም፣ ፈቃድ ሳይጠብቁ ያሳተሙት ብዙ ነበሩ።

የ1923 ወረቀት መልክ ከቀደመው ፈጽሞ የተለየ ነው። ተረት የለበትም፤ ሥዕልም አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር የለበትም። ባንድ በኩል ብቻ ታትሞ ጀርባው ባዶ የቀረ፣ ቀለሙ የሳሳ፣ ቁጥሩ በጥድፊያ የተመታ፣ የ500 ሺህ ማርክ ሆኖ ታትሞ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ በጎማ ማኅተም ወደ ሚሊዮን ወይም ወደ ሚልያርድ የተለወጠ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ለብቻው የሚቆመው የቱሪንጊያ መንግሥት ባንክ በአውጉስት 1923 ያሠራው ነው። በቫይማር የነበረው የባውሃውስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነው የ23 ዓመቱ ሄርበርት ባየር፣ ጌጥና ሐረግ የሌለበት፣ ደማቅ መደብና ወፍራም ግልጥ ፊደል ብቻ ያለበት ባለ ሚሊዮን ማርክ ወረቀት ነደፈ፤ ይህ ወረቀት ዛሬ በሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ አለው። ይሁን እንጂ በአውጉስት አማካይ ምንዛሬ ከአሜሪካ ገንዘብ 22 ሳንቲም ያህል ያወጣ የነበረው አንድ ሚሊዮን ማርክ፣ በሴፕቴምበር አንድ ሳንቲም ብቻ ሆነ፤ በኦክቶበርም ሊቆጠር የማይችል ኢምንት።

በመጨረሻው ወቅት ሕዝቡ በማርክ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ ማመኑን ስለ ተወ፣ ዋጋው ከሌላ ነገር ጋር የታሰረ ወረቀት ወጣ። አንዳንዱ 42 የወርቅ ፕፌኒግ ብሎ፣ በአጠገቡ የአንድ ዶላር አንድ ዐሥረኛ መሆኑን ይጽፋል፤ በኦልደንቡርግ ደግሞ አስቀድሞ በ1922 መጨረሻ ላይ፣ ክፍያው በአጃ እህል ልክ የሚሆን የመንግሥት ሰነድ ወጥቶ ነበር። ከወርቅ ወደ ወረቀት የተሻገረው ገንዘብ ወረቀቱ ሲከዳው ወደ እህል ተመለሰ። ኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የተባለው አዲስ ገንዘብ ሲወጣ፣ አንዱ ሬንተንማርክ በሚሊዮን ሚሊዮን የወረቀት ማርክ ሆነ፤ በዚያው ወር ራይሕስባንክ የምንዳቤ ገንዘብን አልቀበልም አለ። ማርኩ በእጁ ላይ የወደቀው የባንኩ ገዢ ሩዶልፍ ሃቨንሽታይንም በዚያው በኖቬምበር 20 ቀን ሞተ።

አሁን ወደ ሰብሳቢው ልመለስ። ይህን ወረቀት መሰብሰብ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ቁጥር ማንበብ ይማር። በእኛ ትምህርት ቤት ሺህ ሚሊዮን ቢሊዮን ይባላል፤ በጀርመንኛ ግን ሺህ ሚሊዮን «ሚልያርደ» ሲሆን፣ «ቢሊዮን» የሚባለው ሚሊዮን ሚሊዮን፣ እኛ ትሪሊዮን የምንለው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንዱን ወረቀት ከእውነተኛ ዋጋው በሺህ አሳንሶ ያነበዋል። ቀጥሎ ያወጣውን ክፍል ስም፣ የታተመበትን ቀን፣ ዋጋው የሚያበቃበትን ቀን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን ይመርምር፤ ወረቀቱንም ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ የውስጥ ምልክቱን ይመልከት። በቀዳዳ የተበሳ ወይም «ኤንትቬርተት» የሚል ማኅተም ያለበት ካገኘ፣ ወረቀቱ በጊዜው ተከፍሎበት የተሰረዘ መሆኑን ይወቅ፤ «ሙስተር» የሚል ካለበት ደግሞ ለናሙና የታተመ እንጂ በገበያ ያልዋለ ነው። የየከተማውን ወረቀት ለይቶ ለማወቅ ዶክተር አርኖልት ኬለር ዕድሜውን ሙሉ እየዘረዘረ ያዘጋጃቸው መዝገቦች ዛሬም መሠረት ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም አሁን ድረስ በእሱ ቁጥር ይጠቅሳሉ።

ስለ ምርጫም ፍርዴን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ባለ ሥዕሎቹ የ1921 ወረቀቶች ለዓይን ደስ ያሰኛሉ፤ ለሰብሳቢ ተብለው ስለ ታተሙና ከአልበም ስላልወጡ ንጹሖች ናቸው፤ በዋጋም ብዙዎቹ ርካሾች ስለሆኑ ለጀማሪ ያመቻሉ። የዘመኑን ምስክርነት ለሚሻ ሰው ግን የ1923 መናኛ ወረቀት ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ያንን ወረቀት ያሳተመው ከንቲባ ስለ ውበት የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም፤ የተቀበለውም ሰው ከመታጠፉና ከመቆሸሹ በፊት ወደ ዳቦ ሊለውጠው የሚሮጥ ነበር። ከእነዚህ ብዙው የተቃጠለ ወይም ለወረቀት ፋብሪካ ተመልሶ የተቦካ ስለሆነ፣ ከትንንሽ መንደሮችና ከትንንሽ ፋብሪካዎች የወጣው አንዳንዱ ዛሬ በብዙ ድካም ካልሆነ አይገኝም።

እንግዲህ አንባቢዬ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጅህ ቢገባ፣ ከእንጨት ጭቃ የተሠራ ደካማ ወረቀት መሆኑን አስበህ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቀው፤ በሙጫ አትለጥፈው፤ የተቀደደውን በሚጣበቅ ፕላስቲክ አትጠግነው፤ ከአሲድ ነጻ በሆነ ክርታስ ውስጥ አስቀምጠው። አታጥበው፤ አትተኩሰውም። በመካከሉ ያለውን እጥፋት ያኖረው በ1923 መፀው ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ ዳቦ መሸጫ የሄደ ሰው ነውና፣ ያንን እጥፋት እንዳለ ተወው።